በስሜ የፈረምኩት ቼክ

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ቼኬ ተመለሰ።

ዛሬ ስለ ማንጎውና ስለ ሙቀቱ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን ሌላው ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል።

ረፋዱ ላይ ጭማቂ ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር። አቶ ግርማ ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ፍሪጁን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ዕቃውን እየሸጠ ያለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ቼኬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣

"አንቺ ሴትዮ፣ ደረቅ ቼክ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?" አለ።

ደረቅ ቼክ የሚሉት ባንክ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈውን ነው። ያስከስሳል፣ ያሳስራል። መጋላ ገበያ ውስጥ ለምትነግድ ሴት ደግሞ ከመታሰር የሚብስ ነገር አለ፤ ስም መጥፋት። ብርጭቆ ያነሣው ሁሉ እንዳነሣ ቀረ። ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከቼኩ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት ተያይዛለች። አነሣኋትና ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አነበብኳት። "ፊርማው አይመሳሰልም።"

"ገንዘብ የላትም አይልም አቶ ግርማ! ፊርማው አይመሳሰልም ነው የሚለው!"

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየው። ያዋረደኝን ወረቀት ራሴ ስላነበብኩት ውስጤ ደስ አለው። ከመሠረተ ትምህርት በፊት ቢሆን ምን እንደሚል ሰው እስኪነግረኝ አፌን ከፍቼ እጠብቅ ነበር።

አቶ ግርማ ግን አልበረደለትም። "እኔ የፊርማ ነገር አላውቅም። ቅዳሜ ከነቤተሰቤ እሳፈራለሁ። እስከዚያ ወይ ገንዘቤን፣ ወይ ፍሪጄን!" ብሎኝ ወጣ።

ፍሪጁን መልሶ ከወሰደው አለቀልኝ። ሮመዳን እየመጣ ነው፣ ያውም በሰኔ ሙቀት። እስካለፈው ሳምንት በረዶ እየገዛሁ በጆንያ ጠቅልዬ ነው የሠራሁት፤ ከቀትር በፊት ውኃ ይሆናል። በመግሪብ ሰዓት፣ ጾም ሲፈታ፣ ከጎምዛዛው የሁመር ፍሬ የተሠራ ቀዝቃዛ መጠጥ፣ ቀዝቃዛ ሎሚ ያለው ሰው ድሬ ዳዋን በሙሉ ይጠራል።

የፊርማው ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቴ አህመድ፣ አላህ ይማረው፣ የባንክ ሒሳብ ሲያስከፍተኝ ማንበብ አላውቅም ነበር። እጄን ይዞ መንጠቆ የመሰለች ጭረት አስተማረኝ፣ ከሥሯ ሁለት ነጥብ። "ይህቺ ትበቃሻለች" አለኝ። በቃችኝም። ሰው ቼኩን ይሞላልኛል፣ እኔ መንጠቆዬን አኖራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ራሴ ሞላሁት። ከታች ስደርስ እጄ ሳልነግረው ስሜን ጻፈ፤ ሩቂያ ዑመር። ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር!

ነገ ባንክ እሄዳለሁ።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

በጠዋት ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ያለው ባንክ ገባሁ። አሸዋው ከአሁኑ ጫማ ያቃጥላል። ጥሩ ሻሼን ነው ያሰርኩት፣ ሌባ እንዳልመስል።

ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ቼኩን አይታ ወደ ሥራ አስኪያጁ አስገባችኝ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። የፊርማ ካርዴን አስመጡ። መንጠቆዬ እዚያ ላይ ተቀምጣለች፣ ከነሁለት ነጥቧ። ሳያት አህመድን ያየሁት መሰለኝ።

"ወይዘሮ ሩቂያ፣ ገንዘብዎ አለ፤ ማንም አልነካውም" አሉኝ። "ግን ባንክ የሚያውቅዎ በፊርማዎ ነው። ሌላ ሰው ስምዎን ጽፎ ቢመጣና ብንከፍለው ምን ይሉናል?"

"አናታችሁን እላችኋለሁ" አልኩ። ሳቁ።

ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ። ቼክ የሚመለሰው ገንዘብ ሲጎድል ብቻ አይደለም። ፊርማ ሲለይ፣ ቀን ሳይጻፍ ሲቀር፣ ብዙ ቆይቶ ጊዜው ሲያልፍ፣ በፊደል የተጻፈውና በቁጥር የተጻፈው አልስማማ ሲል፣ ስርዝ ድልዝ ሲኖርበት። ይህን ሁሉ ሰምቼ አንገቴን ነቀነቅሁ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

"ቀላል ነው" አሉ። "በድሮው ፊርማ ሌላ ቼክ ይጻፉና ይገላገሉ።"

እስከ ከፋይዋ መስኮት አብረውኝ ወጥተው ወረቀት ሰጡኝ፣ ልሞክራት። የመጀመሪያዋ "ረ" ሆነች። ሁለተኛዋ ዓሣ መሰለች። ሦስተኛዋን ልጅቷ ዘቅዝቃ አየቻት፣ አቅንታ አየቻት፣ "እማማ፣ ይቺ ደግሞ ሌላ ሰው ናት" አለች። ያ ረቢ! እጄ ፊደል ከለመደ በኋላ መንጠቆዋን ረስቷታል።

"እንግዲያው ፊርማዬን ቀይሩልኝ፤ በስሜ ይሁን።"

"ይቻላል። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ በድሮው ፊርማ ይፈርማሉ…"

"እሷ እኮ ናት የጠፋችኝ!"

ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጥቂት አሰቡና ከቀበሌ እኔ እኔ መሆኔን የሚመሰክር ደብዳቤ፣ መታወቂያና ፎቶግራፍ እንዳመጣ ነገሩኝ። አሻራዬን ጨምረው ይቀይሩልኛል።

ስመለስ ጋሪ ውስጥ ሆኜ ጣቴ ጭኔ ላይ መንጠቆ ይሞክር ነበር። አልመጣችም። አህመድ፣ አትቀየመኝ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ዛሬ የሠራኋቸው፦
ቀበሌ።
ፎቶ።
ከማንጎ አምጪው ጋር ጠብ። (እሱን ሀሊማ ናት የሠራችው።)

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተሾመ ስብሰባ ላይ ነበር። ጠበቅሁት። ወጥቶ ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ። "ጓዲት ሩቂያ! ስሟን በመጻፏ ቼኳ የተመለሰባት እናት! ይህ እኮ የዘመቻው ድል ነው!" አለ። ደብዳቤውን ራሱ አስጻፈው። እኔን የሚመለከተው ሁለት መስመር ነው፣ የቀረው ገጽ ስለ አብዮቱ ነው። ይሁን፤ ማኅተሙ ጥሩ አድርጎ አርፎበታል።

ፎቶ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ። "አይሳቁ" ይለኛል ሰውዬው፤ አይሳቁ ሲለኝ ይብስብኛል። የባንክ ፎቶ መሆኑን ስነግረው "ባንክ የሚስቅ ሰው አይወድም" አለኝ፤ እንደገና ሳቅሁ። በመጨረሻ አቶ ግርማን አሰብኩ፣ ፊቴ ተኮሳተረ፣ አነሣኝ።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ቤቴ ስመለስ ኢብሮ፣ ከኤረር ማንጎ የሚያመጣልኝ፣ ቅርጫቱን አላወርድም ብሎ ቆሟል። ሁልጊዜ ሸጬ ነው የምከፍለው። ዛሬ ግን ዓይኔን ሳያይ "ቼክሽ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ፤ በእጅ ካልሰጠሽኝ…" አለ።

ይህ ከአቶ ግርማ ጩኸት በላይ ወጋኝ። ከደጄ ሳንቡሳ የምትሸጠው ሀሊማ ግን መልስ አጥታ አታውቅም። ማንኪያዋን እንደያዘች ተነሣች። "ወርያ ኢብሮ! ሩቂ አንተን ስትከለክል አይተሃል? ሚስትህ የወለደች ጊዜ ማነው ስኳር የላከው? ዛሬ ወረቀት ተመለሰ ብለህ ማንጎ ትደብቃለህ? አውርድ!" በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ አጠንክራ፣ በሶማልኛ ጨረሰችው። ኢብሮ ቅርጫቱን አወረደ። አንድ ማንጎም ጨመረ።

ሀሊማ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና የዕቁቧን ገንዘብ ልታበድረኝ እንደምትችል በቀስታ ነገረችኝ። ልጇን ልትድርበት ያስቀመጠችው ነው። እምቢ አልኳት። ገንዘብ አለኝ እኮ። የራሴ ገንዘብ እኔን አላውቅሽም ብሎ ነው እንጂ።

የሚያስቀው ይህ ነው፣ የሚያስለቅሰውም ይህ ነው።


ሐሙስ፣ ግንቦት 11

የዛሬው ቀን ሁለት ቀን ነበር።

ጠዋቱ ሰርግ ነበር። ባንኩ ደብዳቤዬን ተቀበለ። ሥራ አስኪያጁ ስለ አብዮቱ ያለውን ዘለው ስለ እኔ ያለውን አነበቡ። ፎቶዬን አይተው "ምነው ተቆጡ?" አሉ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሻራ ሰጠሁ። አዲስ ካርድ መጣ። ሩቂያ ዑመር። ሩቂያ ዑመር። ሩቂያ ዑመር። "ቂ" ሁልጊዜ ታስቸግረኝ ነበር፤ ዛሬ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ "ካሁን በኋላ እርስዎ እኚህ ነዎት" አለችኝ። በእግሬ ነው የተመለስኩት፣ ፀሐዩ አልተሰማኝም።

አስተማሪዬ አልማዝ ጭማቂ ልትጠጣ ጎራ ብላ ነበር። በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ በየቀኑ ጻፊ እያለች ይህን ማስታወሻ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ስነግራት አቅፋ አዞረችኝ። "ቼኩን ልጻፍልሽ?" አለችኝ። "እኔ እያለሁ?" አልኳት። ትዕቢት!

ለአቶ ግርማ ላክሁበት፣ መጣ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ አንዱ ሁመር ይላል፣ አንዱ ፓፓያ ይላል። ጭማቂ እየቀዳሁ ጻፍኩለት። "ዘጠኝ መቶ" ብዬ መጻፍ ሲገባኝ "ዘጠን" ብዬ ጻፍኩ፤ "ን"ዋን ሰርዤ ከላይዋ "ኝ" ደረብኩባት። የሚታይ ነገር ነው፣ ማንም ይገባዋል ብዬ። ምሳ ሳይደርስ ባንክ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጋሪ ሲቆም ሰማሁ። አቶ ግርማ ነው፣ ከሁለት ተሸካሚ ጋር። ምንም አልጮኸም። ወረቀቷን ሰጠኝ። "ስርዝ ድልዝ አለበት።"

ማክሰኞ ሰውዬው በጣታቸው ቆጥረው ነግረውኝ ነበር። ያንኑ አደረግሁ።

"ፍሪጁን ልውሰድ" አለ። ድምፁ ደክሟል። ተሸካሚዎቹ ሶኬቱን ነቀሉ። ሀሊማ ልትነሣ ስትል በዓይኔ አስቀመጥኳት። የእሱም እውነት ነው፤ ሁለቴ ተመላልሶ ሁለቴ ባዶ እጁን ቀርቷል።

"ውሰዱት" አልኩ። "ግን ውስጡ ማንጎ አለ። እሱን እስካወጣ ቁጭ ይበሉ።"

ተቀመጠ። ከፍሪጁ አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። በዚያ ሙቀት ከባንክ እስከ መጋላ ተመላልሶ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ጠጣ። ብርጭቆውን አየው። ፍሪጁን አየው።

"ይሄ ነገር እኔ ቤት እንዲህ አቀዝቅዞ አያውቅም" አለ።

"የት አስቀምጠውት ነበር?"

"ምድጃው አጠገብ።"

ሀሊማ ሳቋ አመለጣት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አቶ ግርማ ራሱ ትንሽ ቆይቶ ሳቀ፣ ሳይፈልግ። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁለት። ያኔ ነው የነገረኝ። ልጆቹን ያሳደገው እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ የሚገባበትን ቤት ገና አላየውም። ለኪራዩ፣ ለጭነቱ፣ ለሁሉም ይቺን ገንዘብ ነው የያዘው። "ከተማ ለቆ የሚሄድን ሰው ሁሉም ያታልለዋል አሉኝ። እርስዎንም እንደዚያ አሰብኩ" አለ። እርስዎ አለኝ!

"ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ" አልኩት። "እዚያው፣ ልጅቷ ፊት እጽፋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ፍሪጁንም ማንጎውንም ይውሰዱ።"

ተሸካሚዎቹን ከፍሎ አሰናበተ። ሶኬቱን መልሶ የሰካው እሱ ነው።

አሁን "ዘጠኝ" ስጽፍ ነው ያመሸሁት። ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ።


ዓርብ፣ ግንቦት 12

ተከፈለ! ተከፈለ! ተከፈለ!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። በአንድ ጋሪ ሄድን፤ የመጋላ ሰው እስኪበቃው አየን። ባንኩ እንደተከፈተ ገባን። ልጅቷ ወንበር አመጣችልኝ። ቀኑን ጻፍኩ። የአቶ ግርማን ስም ጻፍኩ። በቁጥር ጻፍኩ። በፊደል ስደርስ ብዕሩን አንሥቼ "ቢስሚላህ" አልኩ። አቶ ግርማ በትከሻዬ አሻግሮ ያያል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከእሱ ኋላ ያለው ሰውዬ "ጨረሰች?" ይላል። ከፋይዋ "ዝም በሉ፣ እየጻፉ ነው" ትላለች።

ዘ። ጠ። ኝ።

ፈረምኩ። ልጅቷ ቼኩን ይዛ ወደ ካርዱ ሄደች። ተመልሳ መጣች፣ ማኅተሟን አነሣች፣ መታችው። ድምፁ እንዴት ያምራል!

አቶ ግርማ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር። "አይ፣ ጭማቂ ቤት ነው የምሄደው" አለ። መጣ። ሰው ሞልቷል። ከመሐል ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣

"ሰኞ ዕለት እዚህ ቆሜ ወይዘሮ ሩቂያን ሰድቤ ነበር። ሰው ፊት ነው የሰደብኳት፣ ሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቃት። ቼኳ ደረቅ አልነበረም፤ እጇ ነው አዲስ የሆነው" አለ።

"አቦ፣ ይቀመጡ፣ ይጠጡ" ብቻ አልኩ። ሀሊማ እልል አለች። ጁምዓ የሚሄዱት ሁሉ ቆመው ምን ተወለደ ብለው ጠየቁ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ባቡር ጣቢያ ሄጄ ሸኘኋቸው። የሎሚ ጭማቂ በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ፤ እስከ አዋሽ ያለው ሙቀት ይታወቃል። ሚስቱን ገና ዛሬ አየኋት፣ ዝምተኛ፣ ደግ ፊት ያላት። በመስኮት እጄን ይዛ "ያንን ፍሪጅ ከምድጃው አርቀው እያልኩ ስንት ዓመት ስለምነው ነበር" አለችኝ በጆሮዬ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የድሮው ትዝ አለኝ። ከዚህ ጣቢያ ነበር አህመድ ፍሬ ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው። እኔ እዚሁ ቆሜ፣ ታፔላውንም ማስታወቂያውንም ሳላነብ፣ ሰው ሲሮጥ ሮጬ፣ ሰው ሲቆም ቆሜ እሸኘው ነበር። ዛሬ ከግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። "ሐዲዱን ማቋረጥ ክልክል ነው።" "እዚህ መትፋት ክልክል ነው።" ስንት ክልክል ነገር ኖሯል! አላውቀውም ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።


እሑድ፣ ግንቦት 14

ዛሬ አልጽፍም። ሰው በዝቷል። ብርጭቆ አነሰኝ።


ሰኞ፣ ግንቦት 15

ሐጂ ሙክታር መጡ፤ የጭነት መኪናዎች ያሏቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ። ከሮመዳን በፊት ልጃቸውን ይድራሉ፤ የሰርጉን መጠጥ በሙሉ እኔ እንድሠራ ፈለጉ። ማንጎ፣ ሁመር፣ ሎሚ፣ ዘይቱን የምንለው ጓቫ። እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቼ አላውቅም። እሺ አልኩ።

ከዚያ ቀብዱን በቼክ ሰጡኝ።

ቼክ ሰጥቼ እንጂ ተቀብዬ አላውቅም። አየሁት። ስሜ አለ። ቁጥሩ አለ፣ ፊደሉ አለ፣ ሁለቱ ይስማማሉ። ስርዝ ድልዝ የለበትም። ፊርማቸው የዓረብኛ ነው፣ ያማረ።

"ሐጂ፣ ቀን የለውም" አልኩ።

"ምን?"

"ቀን አልጻፉበትም። ይመልሱታል።"

ቼኩን ተቀብለው አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ሴትዮ፣ ባንክ ሆንሽ እንዴ?" ብለው እየሳቁ ጻፉበት።

ባንክ ሄድኩ። ጀርባውን ፈረምኩ። ልጅቷ "ይጠብቁ፣ እናጣራለን" ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሙክታር የታወቁ ሰው ናቸው፣ ገንዘባቸውን የሚጠራጠር የለም። ግን ተቀምጬ ስጠብቅ ልጅቷ የገባችበትን በር በር አያለሁ። ቢመለስስ? እጃቸው ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆንስ? የማንጎውን ትእዛዝ ለኢብሮ ነግሬያለሁ፣ ለብርጭቆ ኪራይ ቃል ሰጥቻለሁ። አቶ ግርማ እዚህ ተቀምጦ ምን እንዳሰበ የገባኝ ዛሬ ነው። ያን ያህል መጮሁ አልበዛበትም።

ልጅቷ ቆየች። ሁለት ሰው ከእኔ በኋላ መጥቶ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፉ አዩኝ፣ በእጃቸው ሰላም አሉኝ፣ አለፉ። ምን ማለታቸው ነው?

"ወይዘሮ ሩቂያ ዑመር!"

ተነሣሁ።

"ቼኩ ደህና ነው፤ በእጅ ልስጥዎ ወይስ ወደ ሒሳብዎ ይግባ?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ግማሹን ለማንጎና ለስኳር አወጣሁ፣ ግማሹን አስገባሁ። ከዚያ በደቻቱ በኩል ሳይሆን በድልድዩ ዞሬ፣ ረጅሙን መንገድ፣ ለሰርጉ ሎሚ እየመረጥኩ ወደ ቤቴ መጣሁ።